ድንች የጫነችው ፊያት

ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከሁሉ በፊት መውረድን መማር አለበት። ሽሬም ይሂድ፣ አድዋም ይሂድ፣ አስመራም ይሂድ፣ ከተማውን ለቆ ብዙ ሳይርቅ ደጋው ድንገት ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ገደሉን እየፈለፈሉ መንገዱን ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን፣ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት። አናቱ ላይ ያለው አምባ ወልቀፊት ነው። አዲስ አበባ በ1933 ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ የጣሊያን ጦር እዚያ መሽጎ፣ በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ ወራት ከርሞ፣ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው። አጎቴ ይህን ታሪክ ባነሱ ቁጥር የራሳቸውን ማብራሪያ ያክሉበታል፤ "ምን ያድርጉ! መንገዱን ሠርተው ሲጨርሱ ቁልቁለቱ አስፈራቸው።"

አጎቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከአስመራ ጎንደር፣ ከጎንደር አስመራ እየተመላለሱ ነው ወጣትነታቸውን የጨረሱት። ሊማሊሞ ስንት መጠምዘዣ እንዳለው ደባርቅ ውስጥ አሥር ሰው ብትጠይቁ አሥር ቁጥር ትሰማላችሁ። እሳቸው ግን ቁጥር ውስጥ አይገቡም። "እኔ የማውቀው በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ ነው" ይላሉ። በሁለተኛ የወጣኸውን በሁለተኛ ትወርዳለህ፤ ፍሬን ለመቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም። በልጅነቴ አቡነ ዘበሰማያትንና ይህን ሕግ በአንድ ሰሞን ነው ያጠናሁት።

እንዲህ ያሉ የቁም ነገር ሰው ታዲያ በወጣትነታቸው አንድ ቅብጠት ፈጽመዋል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚገባ አንድ ጣሊያናዊ አስመራ ላይ ፊያት 850 ኩፔ ገዙ። ሁለት በር፣ ጠፍጣፋ ጀርባ፣ የኋላ ወንበሯ ለሕፃን ካልሆነ ለማንም የማይበቃ። ፊያት ይህችን ኩፔ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሞተሯ 843 ሲሲ፣ ጉልበቷ 47 ፈረስ፣ ትልቁ ፍጥነቷ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር። አጎቴ 140 ነው ይላሉ፤ አስመራና ደቀመሓሬ መካከል የሆነ ነገር እንደነበረ ፊታቸው ያሳብቃል፣ ዝርዝሩን ግን እናቴ ባለችበት አያወሩም።

ደግሞ 135 የፊያት ከተማ የቱሪን ቁጥር ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንደ ሰው የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚደርሰው። ከ47ቱ ፈረሶች ደባርቅ የገቡት 34 ቢሆኑ ነው። ነዳጁ ግን አልቀነሰም፤ በቆላ ልክ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያስላል።

መኪናዋ የቆመችው በደርግ ዘመን ነው። ነዳጅ በኩፖን ሆነ፤ ወደ ሰሜን የሚወስደውም መንገድ የጦርነት መንገድ ሆነ። አጎቴ ጓሯችን ውስጥ በቆርቆሮ ከለሏት፣ ባትሪዋን አወጡ፣ በሯን ዘጉ። በሯ ግን በደንብ አይዘጋም ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ የኋላ ወንበሯ የእናቴ ዶሮዎች መኝታ ነበር። ደባርቅ ውስጥ በፊያት ኩፔ ውስጥ የተጣለ እንቁላል በልቶ ያደገ ሰው ከእኔና ከወንድሜ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እንዲህ እንዳለች 2011 ገባ።

መስከረም 1 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከኤርትራ ጋር የሚያገናኘው የዛላምበሳና የቡሬ ድንበር ተከፈተ። ሃያ ዓመት የተነፋፈቀ ሰው መንገድ ላይ ሲላቀስ በቴሌቪዥን አየን። አጎቴ አላለቀሱም። ቴሌቪዥኑን ትተው ተነሱና ወደ ጓሮ ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ቆርቆሮውን ገልጠው ጎማ በእግራቸው ይመታሉ። "ፓስፖርት የሚጠይቅም የለም አሉ" አሉኝ ሳይዞሩ። እውነት ነበር፤ በእነዚያ ወራት ሰውም መኪናውም ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

ሐሳባቸው እንዲህ ነው። ፊያቷን አስነስቶ ሊማሊሞን መውረድ፣ በሽሬ፣ በአድዋና በዓዲግራት አድርጎ አስመራ መግባት። አስመራ ላይ አንድ የድሮ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ፊያት ታሊየሮ ይባላል። ጁሴፔ ፔታዚ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1938 በአውሮፕላን ቅርጽ የሠራው ነው፤ ግራና ቀኝ የተዘረጉት የሲሚንቶ ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል ሲሆኑ ከሥራቸው አንድም ምሰሶ የለም። ክንፉ ይወድቃል ብለው የእንጨት ድጋፉን አናነሳም ያሉትን ሠራተኞች መሐንዲሱ ሽጉጥ መዝዞ አስነሳቸው ይባላል። አጎቴ ያቺ መኪና በዚያ ክንፍ ጥላ ሥር ቆማ ነዳጅ ስትቀዳ ፎቶ መነሣት ይፈልጋሉ። ከዚያ ዋናው ነገር ይቀጥላል፤ ከአስመራ ምጽዋ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ባሕሩ ዳር የሚያወርድ፣ 115 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። በጣሊያን ጊዜ አስመራ ውስጥ ጎዳና እየተዘጋ የመኪና እሽቅድምድም ይደረግ ነበር፤ አጎቴም በልጅነታቸው ከሽማግሌ ሹፌሮች የሰሙት የእሽቅድምድም ወሬ ነው ልባቸውን እዚያ ቁልቁለት ላይ ያስቀረው። አንድ ጊዜ፣ ያለ ጭነት፣ ከኋላ ተሳቢ ሳይጎትቱ፣ ሊወርዱት ይፈልጋሉ። በሰባ ዓመታቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አስመራ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውና የእኛ የሰሜን ተራሮች ፓርክ "አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች" መዝገብ የተሰረዘው በአንድ ስብሰባ ላይ ነው፤ በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ መግቢያ 2009፣ ክራኮው በምትባል የፖላንድ ከተማ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ ቅርሶች ጋር ተመዝግቦ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ነው ሲባል የኖረ ነው። ለእኔ ይህ መገጣጠም ብዙም ስሜት አይሰጠኝም ነበር፤ አጎቴ ግን ምልክት ነው አሉ። መኪና ሊያስነሳ የቆረጠ ሰው ምልክት አያጣም።

ወንድሜ ፍራንክፈርት ነው የሚኖረው። ዜናውን ስነግረው ስለ አስመራ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ስለ ፍሬኗ ጠየቀ። እሱም ለካስ የራሱ ዕብደት አለው፤ ያረጀች ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ገዝቶ ኑርቡርግሪንግ ሊነዳት እየተሰናዳ ነበር። ኑርቡርግሪንግ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የጀርመን የውድድር ሜዳ ነው። ሰሜናዊው ቀለበት ብቻውን 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 73 መጠምዘዣ አለው። እሽቅድድመኛው ጃኪ ስቱዋርት "አረንጓዴው ሲኦል" ያለው እሱን ነው፤ ሌላው እሽቅድድመኛ ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 በእሳት የተቃጠለው እዚያ ነው። ውድድር በሌለበት ቀን ማንም የቤት መኪናውን ይዞ፣ ከፍሎ፣ ገብቶ ይነዳበታል። በሕጉ ቀረጥ እንደሚከፈልበት መንገድ ነው የሚቆጠረው፤ በቀኝ በኩል መቅደም ክልክል፣ ሰዓት መያዝም ክልክል። ከብረት አጥሩ ጋር የተጋጨ ሰው አጥሩን ይከፍላል። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ሊማሊሞ ይሻላል፤ አጥር ስለሌለው የሚያስከፍልህ የለም" አሉ።

ወንድሜ ያረጀ መኪና ወደዚያ ከመውሰድ በፊት የሚደረገውን ሁሉ ዘርዝሮ በቴሌግራም ላከልን። የፍሬን ዘይት ይቀየር። የፍሬን ሸራ ውፍረቱ ይታይ። የጎማው ዕድሜ ይጣራ። የራዲያተር ቱቦዎች ካረጁ ይለወጡ። የመጎተቻ መንጠቆ ይዘጋጅ። እሳት ማጥፊያ ይያዝ። የማያስፈልግ ክብደት ሁሉ ከመኪናው ይውረድ። በእያንዳንዱ ላይ ትምህርት አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፣ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ይሄዳል። ወረቀቱን አተምኩና ለመካኒኩ ሰጠሁት።

መካኒካችን በባጃጅና በአይሱዙ እጁን የፈታ ጎበዝ ልጅ ነው። ወረቀቱን አንብቦ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። "መምህር፣ ይሄ ለሚነሳ መኪና ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ሞተሩ ተጣብቆ ነበር። ካንዴላዎቹን አወጣና በቀዳዳዎቹ ላምባና የሞተር ዘይት አንቆርቁሮ ተወው። ጠዋት ጠዋት እየመጣ በቁልፍ ይሞክራል፣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል። ሞተሯ ከኋላ መሆኑን ያላወቁ የሰፈሩ ልጆች የፊት ኮፋኖውን ከፍተው ባዶውን ሲያዩ "ጋሼ፣ ሞተሯን ሸጠዋት ነው?" እያሉ አጎቴን ያበሽቃሉ። አንድ ቀን ከውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። መካኒኩ ሰበርኩት ብሎ ደነገጠ፤ አጎቴ ዞረች ብለው ጮኹ። ዞራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል፤ የዕቃ ፍለጋ ወሬ ሁሉም ቤት ያለ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቢፈለግ የለም፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የሌላ መኪና የፍሬን ጎሚኒ ተገኘ፤ ልኩ ገጠመ። ጓርኒሲዮን የሚሸጥ ሲጠፋ በእጅ ተቀዶ ተሠራ። የነዳጅ ጋኑ ውስጥ ዝገት ስለነበረ ጠጠር ጨምረን እኔና መካኒኩ ግራና ቀኝ ይዘን እንደ ቅቤ ናጥነው። ቸርኬዋ 13 ስለሆነ የቪትዝ ጎማ ይሆናታል። ወንድሜ ያስተማረኝን ይዤ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አነበብኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 3806። በ2006 የፈረንጅ ዓመት ሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ ነው። ለሻጩ ስነግረው ኮስተር ብሎ "እሱ የፋብሪካው ስልክ ነው" አለኝ። ሌላ ቦታ ሄድኩ።

ቦሎ ያስፈልጋል፣ ሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልጋል፣ ለሁለቱም ሊብሬ ያስፈልጋል። ሊብሬው ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ወጣ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ አይጥ በልቶታል። ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ አንዱ ሠራተኛ "ቁጥሩ መኪናው ላይ የለም እንዴ?" አለኝ። አለ። "እንግዲያውስ ምን ትፈልጋለህ?" ሊብሬው ላይ እንዲጻፍ። "ሊብሬው ላይ ለመጻፍ ሊብሬው ላይ መኖር አለበት።" ይህን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ እንደ ምሳሌ እጠቀምበታለሁ፤ የትኛው ትምህርት እንደሆነ አልናገርም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቴስታታዋ ወርዶ፣ ቫልቮቿ ጋዜጣ ላይ ተደርድረው፣ ኮንትራት የያዘ ሹፌር ከአድዋ ደርሶ ወሬ ይዞ መጣ። ዛላምበሳም ራማም ድንበር ላይ ፈቃድ ያልያዘ ሰው አያልፍም። አጎቴ ቫልቮቹን ተራ በተራ አዩአቸው። መካኒኩ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው "ሦስት ቀን ቢሰጡኝ እገጥማት ነበር ጋሼ" አለ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቀስ ብለህ ግጠም" አሉት። ጥርሳቸውን ነክሰው ነው ያሉት።

ደግነቱ ብዙ አልቆየንም። በገና ዕለት የሑመራና የኦምሃጀር ድንበር ተከፈተ። ለእኛ ይሄኛው እንዲያውም ይቀልላል፤ በጎንደር ዞሮ በአስፋልት ሑመራ፣ ከዚያ ተከዜን ተሻግሮ ኦምሃጀር ነው። ሊማሊሞን መንካት የለም። እኔ ደስ አለኝ። አጎቴ ግን ሊማሊሞን ያልቀመሰ መኪና ከአገር አይወጣም አሉ። እንደ ተማሪ ሚኒስትሪ ሊያስፈትኗት ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለችው ዛሪማ ድረስ ወርዳ፣ ተመልሳ ከወጣች አስመራ ትሄዳለች፤ ካልወጣች አትሄድም።

ፊያቷ የተነሳችው ጥር ላይ ነው። ድምፅዋ ሳቅ ያስመጣል፤ ከአካሏ በላይ ትጮሃለች። እናቴ ዶሮዎቹን ወደ ማድ ቤት አዛወረችና አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችንም። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለደጋው አሳነሰ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀየረ፣ አንድ የቀረው የራዲያተሩ ቱቦ ነበር። ራዲያተሯ እንደ ሌላ መኪና ፊት ላይ ነፋስ አይመታውም፤ ከኋላ፣ ሞተሩ ጎን ነው ያለው። ቱቦዋ ጠማማ ስለሆነ በአካባቢው የሚመስላት አልተገኘም። አሮጌው በኮሌታ ጠበቅ ተደርጎ ታሰረ። የወንድሜ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ምልክት ሲደረግበት እዚያች ቦታ ላይ አጎቴ በእስክሪብቶ "ይበቃል" ብለው ጻፉ።

የተጣላነው በድንቹ ነው። ወረቀቱ የማያስፈልግ ክብደት ይውረድ ይላል። አጎቴ ደግሞ ክብደት ካልተጫነ አልሄድም አሉ። ሞተሯ ከኋላ፣ ራዲያተሯ ከኋላ፤ ፊቷ ባዶ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲነካ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላዋ ይቀልልና ጅራቷ ልቅደም ይላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ፊቷ ይቀልልና መሪው መሬቱን ይረሳዋል። ይህን ከአስመራ ጀምሮ ያውቁታል፣ መድኃኒቱንም ያውቁታል። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ ተሳስተዋል እንዲልልኝ። ዝም ብሎ ቆየና "በፊዚክሱ ልክ ናቸው፤ ጀርመኖችም የድሮ ቮልስ ፊት አሸዋ ይጭናሉ" አለ። አሸዋ ቢሆን እኔም አልከፋም ነበር። ጓሮ ውስጥ የነበረው ግን የዳባት ድንች ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የፊት ኮፋኖ ውስጥ ገባ።

ሑዳዴ ገብቶ ነበር። በማለዳ ወጣን፤ አጎቴ መሪ ላይ፣ እኔ አጠገባቸው ታኮ ይዤ። የረዳት ሥራ ሌላ የለውም፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወርደህ ታኮውን ከጎማው ኋላ ታደርጋለህ። ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊኩ አስቆመን። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ ፈገግ አለ፣ ኮፋኖውን አስከፈተ፣ ፈገግታው ጠፋ።

"ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ክብደት።"

"በቤት መኪና ጭነት አይቻልም እኮ።"

"ጭነት አላልኩህም፤ ክብደት ነው ያልኩህ። ጭነት የሚወርድ ነው፣ ይሄ አይወርድም።"

"ለሽያጭ አይደለም?"

"በሑዳዴ አልዋሽህም ልጄ፣ አይደለም።"

አለፍን። መውረዱን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም። ሊማሊሞ ላይ በአይሱዙም በአውቶቡስም ወርጄ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ዓይኔን የምጥለው ገደሉ ላይ ነበር። በዚያን ቀን ግን እጃቸውን ነበር የማየው። መጠምዘዣው ሳይደርስ ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ራሷን ይዛ ትጠብቃለች፤ እግራቸው ፍሬን ላይ የሚያርፈው ጠጠሩ ላይ ጭላዳ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጭላዶቹ ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩንና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከሥር የሚወጣ የጭነት መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ይቺን ከየት አመጣችኋት?" ይላል፤ አጎቴ መልስ አይሰጡም፣ ጀርባቸው ብቻ ቀጥ ይላል። ድንቹ ከፊታችን በየመጠምዘዣው ግራና ቀኝ ይንከባለላል፣ ጅራቷ ግን አልነቃነቀችም። ዛሪማ ስንደርስ የፍሬኑን ከበሮ በእጄ ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አላቃጠለኝም። እኔ ወንድሜን ሆኜ ቢሆን ኖሮ ኑርቡርግሪንግን ትቼ ይህን አጠና ነበር።

ዛሪማ ሞቃት ናት። ከደጋው ልብሳችን ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ አጎቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። እኔ ሽሮ በላሁ። እነሆ እዚያ ጥላ ሥር ነው አንዲት ሴት መጥታ የኮፋኖውን ድንች ዋጋ የጠየቀችው። አጎቴ አይሸጥም አሉ። ዋጋውን ጨመረች። ቆላ የደጋ ድንች ይወደዳል፤ ሌሎችም መጡ። አጎቴ ወደ ዳገቱ አዩ፣ ወደ ድንቹ አዩ፣ "ለመውጣት ክብደት ጠላት ነው፤ ይሄ ደግሞ የወንድምህ ወረቀት ላይም አለ" አሉና ሸጡት። ትራፊኩን የዋሹት ከምሳ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሽያጭ ሌላ ያቺ መኪና ሳንቲም አስገብታ አታውቅም።

ዳገቱ ሌላ ቋንቋ ተናገረ። ፊቷ ቀልሎ መሪው እንደ ጨዋታ ዕቃ ይሽከረከራል፤ ሄዱ የተባሉት አሥራ ሦስት ፈረሶች ደግሞ ከመጠምዘዣ መጠምዘዣ አንድ አንዳቸው ሲለዩን ይሰማኝ ነበር። ሙቀቱ ወጣ። ደጋ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ደባርቅ ውስጥ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ውሃው ይንተከተካል ባቄላው ጥሬ ነው። ራዲያተር ላይ ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ውሃው ሳይፈላ ይቆያል፤ ይህ ግን ቱቦው ከያዘ ነው። እየቆምን፣ ታኮ እያስገባሁ፣ በሃይላንድ ውሃ እየቀዳሁ ከግማሽ በላይ ወጣን። ከዚያ ያቺ "ይበቃል" የተባለችው ቱቦ በቃኝ አለች። ነጭ እንፋሎት ከኋላችን ተነሳና ገደሉን ሸፈነው። ጭላዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጡ።

ማሽላ የጫነ አይሱዙ ነው የደረሰልን። ሹፌሩ ወጣት ነው፣ የእኔ ተማሪ ሊሆን የሚችል። መጎተቻ መንጠቆ ስላዘጋጀን ገመዱ ቶሎ ታሰረ፤ ከወንድሜ ዝርዝር ውስጥ በእርግጥ የጠቀመን እሱ ነው። ልጁ ወደ አጎቴ መጣና በትሕትና "ጋሼ፣ እባክዎ ፍሬን እንዳይነኩብኝ" አላቸው። ለሰባ ዓመት ሰው፣ ለኤንትሬ ሹፌር፣ ሊማሊሞ ላይ። አጎቴ "እሺ ልጄ" አሉ። እስከ ደባርቅ አቧራውን እየጠጣን ሌላ ቃል አልተናገሩም። ገንዘብ ስንሰጠው አልቀበልም አለ፤ የተረፈችውን ጥቂት ድንች ግን ወሰደ።

ቱቦዋ በመጨረሻ በመልዕክት ከጀርመን መጣች፤ ወንድሜ ፈልጎ ልኮልን። በፖስታ ቤት፣ በሰው፣ በአውቶቡስ ተንከባልላ ደባርቅ ስትገባ ሚያዝያ ነበር፤ ከፋሲካ በፊት። መካኒኩ ገጠማት፤ ልክክ አለች። በዚያው ሰሞን ኦምሃጀር ተዘጋ። አጎቴ ዜናውን የሰሙት በአዲሱ ቱቦ ዳር ላይ ውሃ ያንጠባጥባል ወይስ አያንጠባጥብም እያሉ በባትሪ ሲያዩ ነው። አያንጠባጥብም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ ወጣ፣ ወረደ፤ በነሐሴ 2013 ማብቂያ ዳባት ጭና ላይ የደረሰው እልቂት ከአሮጌ ፊያት ጋር በአንድ ገጽ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ አልጽፈውም። በዚያ ዘመን ስለ መኪናዋ ያነሳ የለም፤ አጎቴም አላነሱ።

አሁን አንዳንድ ጊዜ ዳባት ድረስ ትሄዳለች። መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው፣ አስፋልት ነው፣ ትወደዋለች። አጎቴ ዓይናቸው ስለደከመ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ማርሽ ያዙኛል።

ወንድሜ በመጨረሻ ኑርቡርግሪንግ ገብቶ ነበር። በደወለልን ጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር የሚሰማው። ጎማው አዲስ፣ ሸራው አዲስ፣ ቱቦው አዲስ፣ መንጠቆው ዝግጁ፤ የፍሬን ዘይቱን ግን ጊዜ አጥሮት ሳይቀይር ገባ። ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። አጥሩን አልነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሲንሸራተት ሄዶ ዳገቱ አቆመው፣ ተጎትቶ ወጣ፣ የተጎተተበትን ከፈለ። ስልኩን ለአጎቴ ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙት።

"በስንተኛ ማርሽ ነበር የወረድከው?" አሉት።

"በአምስተኛ፣ ጋሼ።"

አጎቴ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና አዩኝ። "በአምስተኛ ይለኛል" አሉኝ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሰው ስለ መኪናዋ ሞተር ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ድንችም ጀርመን አገር ኪሎው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ።